በሕይወት ሳሉ ይሳሉ

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጌዴኦ ውስጥ ካለው ቱቶ ፈላ ደርሶ በትክል ድንጋዮቹ መካከል የተዘዋወረ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የሰው ፊት በተቀረጸባቸው ላይ ነው። ቦታው መቃብር ነው። አጥኚዎች እንደሚሉት ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ቀድሞ ሌላ ቅርጽ ነበራቸው፤ ኋላ የመጡ ሰዎች እንደገና ጠርበው የሰው መልክ ሰጧቸው። ያለፈን ሰው በፊቱ ማስታወስ ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከእንሰቱና ከቡናው ጥምር እርሻ ጋር የትክል ድንጋይ ስፍራዎቹም አብረው ከብረዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ በሕይወት ያሉት ሰዎች ፊት ነው።

በ2010 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ፣ ቀጥሎም በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። በዲላ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በኮቸሬና በገደብ ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ያላለቀው ሕንፃም መጠለያ ሆነ። በዚያ ዓመት በግጭት ምክንያት አዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ኢትዮጵያን የሚስተካከል አገር በዓለም አልነበረም። ቁጥሩን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግን አንድ ፊት ከነስሙ የሚያስታውስ አንባቢ ስንት ነው? ያየናቸው ፎቶግራፎች የላስቲክ መጠለያ፣ ጭቃ፣ የእርዳታ ስንዴ ሰልፍ ናቸው። ፎቶ አንሺው በደቂቃ አንስቶ ይሄዳል።

ከመከራ የተረፉትን በሕይወት ሳሉ የመሣል ሐሳብ የሰጠኝ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ሠዓሊያን ሥራ ነው። በዚያ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ከ150,000 የማያንሱ ሕፃናት ከወላጆቻቸው እየተወሰዱ በአዳሪ ትምህርት ቤት ታጉረዋል። ፀጉራቸው ተቆርጧል፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀጥተዋል፤ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ልጅ የሚጠራው በተሰጠው ቁጥር ነበር። የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ድርጊቱን የባህል ዘር ማጥፋት ብሎታል። ዛሬ ሠዓሊያኑ ከዚያ የተረፉ አዛውንቶችን አስቀምጠው መልካቸውን ይስላሉ። በቁጥር ሲጠራ ላደገ ሰው፣ ሌላ ሰው ፊቱን እያየ ሰዓታት ሲቀመጥለት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ካሳ አይደለም፤ ክብር ግን ነው።

እኛም ዘንድ ለፊት ያለን ክብር ጥንታዊ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ከመከራ የተረፉ ሰዎችም ሁለት ዓይናቸው እኛን እያየ ሊሣሉ ይገባል እላለሁ።

ደግሞ የ2010ሩ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች የተጣለባቸውን ሸክም አንሸከምም ብለው፣ ጦርና ጎራዴ ይዘው ሚጭሌ ላይ ከጠመንጃ ጋር ተጋጠሙ። ያኔ በመንግሥት መዝገብ ስማቸው እንኳ የራሳቸው አልነበረም፤ የሚጻፈው «ደራሳ» ተብሎ ነበር። ያን ቀን ያየ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ሰማንያ አምስት አልፎታል። መስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳውን የሞሉትን ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል፤ እነዚያን ፊቶች ተቀምጠው እንዲያወሩን መጠየቅ አንችልም። ጌዴኦ ላይ ግን ገና እንችላለን።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ጌዴኦ ብቻ ከተሣለ ሥዕሉ ክስ ይሆናል። የጉጂ እናትም ቤቷ ተቃጥሏል፣ ተሰድዳለች። ሁለቱ ሕዝቦች ጎንዶሮ የሚሉት የዕርቅ ሥርዓት ስላላቸው፣ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለማንም እንግዳ አይሆንም። መሣል የማይፈልግ ሰውም ይተው፤ ቁስሉን ለማንም የማሳየት ዕዳ የለበትም። የተሣለው ግን ስሙ በሥዕሉ ሥር፣ በገዛ ቋንቋው፣ በጌዴኡፋ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍለት። ሥዕሉም አዲስ አበባ ተወስዶ ከመሰቀሉ በፊት ባለቤቶቹ በሶንጎው፣ በጌዴኦ ባህላዊ የመሰብሰቢያ ስፍራ፣ ተሰብስበው ይዩት።

ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣት ሠዓሊያን አሉ፤ ቋንቋውን የሚያውቁ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ሠዓሊው ይሥላል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ አዛውንቱ ያወራሉ። ሸራና ቀለም ያላችሁ ሁሉ፣ ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ወደ ሚጭሌና ወደ ገደብ ሂዱ።