ቀዩ ቁጥርና የእናቴ ፌስታል

ዛሬ የማጫውታችሁ በእኛው ቤት የደረሰውን ነው።

አባታችን የልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ቀን ተቆርጦ ነበር። እህቴ ከአሜሪካ መጥታለች፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል፣ እናቴም ስለቷን ተስላለች። በዋዜማው ሐኪሙ ጠሩንና «ከደም ምርመራው አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ ክሪያቲኒናቸው 1.5 ነው። ከዚህ በፊት ስንት ነበር?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። እናቴ ብቻ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ፌስታል አወጣች። ዓመታት ያስቆጠሩ የምርመራ ወረቀቶች ታጭቀውበታል። ሐኪሙ ሲያገላብጡ ከሁለት ወር በፊት የተሠራውን አገኙ፤ 0.9 ይላል።

«አያችሁ፣» አሉ፤ «1.5ን ብቻውን ብናየው ትንሽ ከፍ ያለ ነው ብለን እናልፈው ይሆናል። ለእሳቸው ግን ከነበረበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ጨምሯል። ኩላሊታቸው ተጎድቷል ማለት ነው። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

አባታችን ዝም አሉ። እናቴ ግን አልቻለችም። «ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ይውጣል፤ ከፋርማሲ ራሱ እየገዛ» አለች። ለካ በየቀኑ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ለልብ ደም ስር ምርመራ፣ ለአንጂዮግራም፣ ቀለም ተወግተዋል። ማስታገሻውም ቀለሙም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው ተራዘመ። እኔና እህቴ ተናደድን። «ለአንዲት ቁጥር ብለው!» እያልን ነበር የወጣነው።

ንዴቴ ሲበርድ ነገሩን መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። በባይፓስ ሐኪሞች ከእግር ወይም ከደረት ጤነኛ ደም ስር ወስደው፣ ደም የጠበበውን ቦታ አልፎ ወደ ልብ የሚሄድበት አዲስ መንገድ ይቀይሳሉ። አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር በተወሰደ ደም ስር ይህን ሕክምና ካስተዋወቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ የተለመደ ሕክምና ነው። ቢሆንም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኩላሊት ሊዳከም፣ የልብ ምት ሊዛባ፣ ቁስል ሊያመረቅዝ፣ አልፎ አልፎም ስትሮክ ሊከተል ይችላል።

ባዮማርከር የሚባሉት ጠቋሚዎች እዚህ ላይ ነው የሚያገለግሉት። በደም ወይም በሽንት የሚለኩ ነገሮች ናቸው። ክሪያቲኒን ስለ ኩላሊት ይናገራል። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሦስት ወሩን የስኳር መጠን ያሳያል፤ ስኳሩ ያልተያዘ ሰው ቁስሉ ቶሎ ላይድን ይችላል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የተባለው ደግሞ ልብ ምን ያህል ጫና እንዳለበት ይጠቁማል።

ክሪያቲኒን አንድ ድክመት አለው፤ ይዘገያል። ኩላሊት ከተጎዳ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ነው ከፍ የሚለው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሰዓታት ውስጥ የሚናገሩ አዳዲስ ጠቋሚዎችን ፈልገው አግኝተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በጀርመን የወጣ አንድ ጥናት የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውንና የሽንት ጠቋሚያቸው አደጋ ያመለከተ 276 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት ከመቶው 72 ያህሉ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ቀላሉ ጉዳት ሳይቀር ተቆጥሮ ነው። ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች ቆመውላቸው፣ የደም ግፊታቸው፣ ፈሳሻቸውና ስኳራቸው በጥብቅ ከተጠበቀላቸው ግን ወደ 55 ወረደ። ቁጥሩ በራሱ ማንንም አላዳነም። ያዳነው ቁጥሩ ታይቶ የተወሰደው ጥንቃቄ ነው።

ወደ አባታችን ልመለስ። ዲክሎፌናኩ ቆመ፤ ክሪያቲኒናቸው ከቀናት በኋላ ወደ 1.0 ወረደ፤ ቀዶ ሕክምናውም ተደረገ። በማግስቱ እህቴ የምርመራ ወረቀቱን ስታይ ትሮፖኒን የሚለው በቀይ ተጽፏል፤ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። «ልቡ ተመታ!» ብላ ለቅሶ ጀመረች። በስልክ ለዘመድ ሁሉ ልካው ኖሮ ከዋሽንግተን እስከ ደብረ ብርሃን ቤተሰቡ ታመሰ። ሐኪሙ ግን ተረጋግተው «ልብ ተነክቶ ትሮፖኒን ባይጨምር ነበር የሚገርመኝ። ምን ያህል ጨመረ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውና አልትራሳውንዱስ ምን ይላሉ፣ ብለን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምናየው» አሉን። ሲአርፒም እንደዚሁ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁሉም ሰው ላይ ለሁለት ሦስት ቀን ይወጣል፤ የሚያሳስበው ከወረደ በኋላ እንደገና ሲወጣ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት የአባታችን የልብ ምት ተዛባ። ይህን አስቀድሞ የነገረን ቁጥር አልነበረም። ባይፓስ ከተደረገላቸው ብዙዎች ላይ የሚታይ ነውና ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው ነበር፤ በመድኃኒት ተስተካከለ። ጠቋሚ ጠንቋይ አይደለም።

ወላጅ ወይም አያት ለቀዶ ሕክምና የምታዘጋጁ አንባብያን፣ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። የድሮ የምርመራ ወረቀቶችን አትጣሉ፤ በቀን በቀናቸው አስቀምጧቸውና ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌው የሚውጡትንና የሚጠጡትን ሁሉ፣ የጉልበት ማስታገሻውንም የባህል መድኃኒቱንም፣ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የታዘዘላቸውን የልብ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታስቁሙ። ቀይ ቁጥር ስታዩ ደግሞ ለዘመድ ከመላካችሁ በፊት ሐኪሙን «ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸርስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አባታችን አሁን ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ወጣ ብለው ይመለሳሉ። እህቴ ለእናቴ ከአሜሪካ ጥሩ የወረቀት ማስቀመጫ ልካላት ነበር፤ እሷ ግን ፌስታሉን አልለቀቀችም።