ኒሻን ያገኙ፣ ሹመት የተነፈጉ

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሳና ወንድማቸው አስፋወሰን የጣሊያኖችን ቃል አምነው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ወዲያው ተገደሉ። የአበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ስዩም፣ የራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፣ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በሸዋ በረሃ አርበኞችን ይመሩ ጀመር።

ይህን ታሪክ ስናወራ ባሏን የተነጠቀች ሴት ደም ልትመልስ ጠመንጃ አነሳች ማለት ይቀናናል። ሐዘኑ እውነት ነው። ነገር ግን በበቀል ብቻ ጦር አይመራም። ግምጃ ቤት በሌለበት፣ ስንቁ ከገበሬው ጎተራ በሚወጣበት የደፈጣ ውጊያ ሰው ይዞ መቆየት ከባድ ነው። ተዋጊው መብላት አለበት፤ ሲጣላ የሚዳኘው ይፈልጋል፤ የጠላትን አካሄድ የሚያመጣ ወሬ አቀባይ ያስፈልጋል፤ መቼ መግጠም፣ መቼ መሸሽ እንደሚበጅ የሚቆርጥ አንድ ሰው መኖር አለበት። ይህ የጦር አዛዥ ሥራ ነው። ወይዘሮ ከበደችን በሚስትነታቸው ብቻ ስናነሳ አዛዥነታቸውን እንሰርዛለን።

ስረዛው ደግሞ ቀድሞ በመንግሥት የተጀመረ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ብዙ ወንዶች አርበኞች ግዛት ተሾሙ፤ ራስ አበበ አረጋይ የመከላከያ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ሴቶቹ ኒሻን ተቀበሉ፤ ጠቅላይ ግዛት ግን ለአንዲቷም አልተሰጠም። የቀራቸው በጎ አድራጎትና ቤታቸው ነበር። በጎ አድራጎት የተከበረ ሥራ ነው፤ ጦር ለመራ ሰው ግን ይበቃል ብሎ የፈረደው ማን ነው?

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይህን አጥር ጥሰዋል። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከውም ጣሊያን ውስጥ አዚናራ ደሴት የታሰሩ ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያ ምርጫ ለወንዱም የመጀመሪያው ነበርና በድምፅ በኩል ሴቷ ብቻዋን ተበደለች አልልም።

በደሉ ሌላ ቦታ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። ወንዶች በእሷ ትእዛዝ የዘመቱላት አርበኛ፣ ባል ካላት፣ በሕግ ታዛዥ ሆነች ማለት ነው። አዲስ የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ ያንን እስኪተካ 40 ዓመት አለፈ።

ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። ንግግር የምታደርጉ፣ የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ስለ አያቶቻችሁ የምትጽፉ ሁሉ፣ የእነዚህን ሴቶች ስም ስታነሱ ከማን ሚስትነታቸው በፊት ማንን እንደመሩና የት እንደተዋጉ ጻፉልን።