ጮክ ማለት ለማይችል

ድምፁ በደንብ የማይሰማ ሰው ሲያነጋግራችሁ ምን ትሉታላችሁ? አብዛኞቻችን «ጮክ በል!» እንላለን። ጮክ ማለት የማይችል ቢሆንስ? ዛሬ የምናወጋችሁ ሬዲዮን ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ የያዙ ሰዎች፣ ማለትም አማተሮች፣ ለዚህ ጥያቄ ስላገኙት መልስ ነው።

አማተሮች ከሚሞክሩባቸው ሞገዶች አንዱ 136 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይገኛል። ፍሪኩዌንሲው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ አንዱ ሞገድ ብቻ 2,200 ሜትር ያህል ይረዝማል። ለዚህ የሚመጥን አንቴና በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ቁመት ይፈልጋል። በጓሮ የሚተከለው ግን ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ አብዛኛው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ወደ አየር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 1 ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ መብረቅና የኤሌክትሪክ መስመር በዚህ ሞገድ ላይ ይጮኻሉ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ዘገዩ! በሞርስ ኮድ አንዲት ነጥብ በመደበኛ ፍጥነት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ትፈጃለች። እነርሱ ግን 3 ሰከንድ፣ አንዳንዴም 60 ሰከንድና ከዚያ በላይ ያቆዩአታል። በ5 ሰከንድ ያልቅ የነበረው ቃል ነጥቧ 60 ሰከንድ ስትሆን 50 ደቂቃ ይወስዳል። ዘዴው «ኪው አር ኤስ ኤስ» ይባላል። «ኪው አር ኤስ» በሬዲዮ ሰዎች ቋንቋ «ቀስ ብለህ ላክ» ማለት ነው፤ የተጨመረችው «ኤስ» ደግሞ «በጣም ቀስ» ለማለት ነው።

መዘግየት እንዴት ይረዳል? ምልክቱ በዘገየ ቁጥር የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ይጠባል። ተቀባዩም በዚያች ጠባብ በር ብቻ ያዳምጣል። በሩ 30 ጊዜ ሲጠብ የሚገባው ጫጫታም ወደ አንድ ሠላሳኛ ይወርዳል፤ ምልክቱ ግን አይቀንስም። ጆሮ ምንም ባይሰማም ኮምፒዩተር ድምፁን ወደ ሥዕል ለውጦ ከጫጫታው መካከል ቀጭን መስመር ያወጣል፤ መልእክቱ በዓይን ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝና በካናዳ ያሉ አማተሮች በዚሁ ሞገድ ላይ እንዲህ ባለ ዝግታ አትላንቲክን ተሻግረው ምልክት ተለዋውጠዋል።

ነገሩ ያለ ዋጋ አይደለም። የሁለቱም ወገን መሣሪያ ፍሪኩዌንሲው ሳይንሸራተት ለሰዓታት መጽናት አለበት። ጊዜው ውድ ስለሆነም ከመጥሪያ ምልክታቸውና ከጥቂት ፊደላት በቀር አይላላኩም። ወሬ የለም፤ አስቸኳይ ጉዳይም በዚህ አይላክም።

ወገኖቼ፣ በየቤታችንም ጮክ ማለት የማይችሉ አሉ፦ ትንፋሽ ያጠራቸው አያት፣ ቃል የሚይዘው ልጅ። እኛ ግን «ቶሎ በል» እያልን በሩን በሰፊው ከፍተን ጫጫታውን ሁሉ እናስገባለን። አማተሮቹ ያሳዩን አንድ ነገር ነው፦ አልሰማሁም ማለት ድምፅ የለም ማለት አይደለም። ላኪው ኃይል ሲያጣ ተቀባዩ ጊዜ መስጠት ይችላል። ዛሬ ማታ ራት ላይ ቴሌቪዥኑን ዝጉና አንዱን እስኪጨርስ ጠብቁት።