የተፋታ አባትና የበዓል ቀን



ታኅሣሥ ሲገባ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ አባቶች አሉ። ስለ ሕብረት ይጀምራሉ፣ ስለ ሥራ ያወራሉ፤ ዋናው ነገር የሚወጣው ሊነሡ ሲሉ ነው። “ፓስተር፣ ዘንድሮም በገና ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው።” ከዚያ በኋላ የሚከተለው ወይ ቁጣ ነው ወይ ዝምታ። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

ስለ ፍቺ የምናስተምረውን አልለውጥም። ጌታ በማቴዎስ 19 ፈሪሳውያንን ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መልሷቸዋል፤ እኛም ከዚያ ሌላ የምንሰብከው የለንም። ነገር ግን ወንድን ከሚስቱ የለየ ወረቀት ከልጁ አይለየውም። የአገራችን ሕግ እንኳ ይህን ያውቃል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበት መብት አብሮ እንዲወስን ያዛል። መብቱ የአባት ብቻ አይደለም፣ የልጅም ነው።

በዘኍልቍ ምዕራፍ 9 ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናልፈው ታሪክ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ፋሲካን ሲያደርግ ጥቂት ሰዎች ሬሳ ስለ ነኩ ከበዓሉ ውጭ ሆኑ። ዝም ብለው አልቀሩም፤ ሙሴ ዘንድ ቀርበው ለምን እንቀራለን ብለው ጠየቁ። ሙሴም ከራሱ አልመለሰም፣ ጥያቄውን ወደ እግዚአብሔር ወሰደው። እግዚአብሔርም ለእነርሱና ሩቅ መንገድ ላይ ላሉ ሌላ ቀን ሰጠ፤ የሁለተኛው ወር 14ኛ ቀን። እኔን የሚገርመኝ የቀኑ መለወጥ ሳይሆን በሁለተኛው ወርም የሚበላው ያው በግ፣ ያው ቂጣ፣ ያው መራራ ቅጠል መሆኑ ነው። በዓሉ ዘገየ እንጂ አልጎደለም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ፍርድ ቤቱ ወይም ሽማግሌዎቹ ታኅሣሥ 29ን ለእናታቸው ሰጥተው ከሆነ 30ን ይዘህ ሙሉ በዓል አድርገው። ለአንድ ቀን ብለህ በር ላይ ቆመህ አትጩህ። ልጆች የሚያስታውሱት የቀኑን ቁጥር አይደለም፤ ጩኸቱን ግን አይረሱም። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ይቀናቸዋል፤ አንዱ ወላጅ የፈረንጆቹን ዲሴምበር 25 ሲወስድ ሌላው ጃንዋሪ 7ን ይይዛል።

ሙሉ በዓል ስል ግን ቤትህ ውስጥ ማለቴ ነው። ልጆቹን ፒዛ ቤት ወስዶ ማታ መመለስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። የአባታቸው ቤትም በዓል የሚገባበት ቤት እንደ ሆነ ይዩ። ዶሮ መሥራት ካልቻልክ እህትህን ለምን፤ እርሷም ካልተመቻት ጥብስ ጥበስ፣ ሽንኩርቱን ልጆቹ ይላጡ፣ ያልቅሱ፣ ይሳቁ። ዳቦው ይቆረስ፣ ቡናው ይፈላ። ከዚያም ሉቃስ 2ን በየተራ እያነበባችሁ ስለ ጌታ ልደት ተጨዋወቱ። በዘጸአት 12 ልጆች ይህ ሥርዓት ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ መልሱ ከወላጅ አፍ እንዲወጣ ታዝዟል። ይህን አገልግሎት ለሰንበት ትምህርት አስተማሪ አሳልፈህ አትስጥ።

አንድ የሰንበት ትምህርት ልጅ በፋሲካ ሁለት ጊዜ ምሳ እንደሚበላ ነግሮኛል። እናቱ ቤት ጠግቦ ይበላል፤ አባቱ ቤት ሲደርስ ደግሞ “እዚያ በልተህ መጣህ?” እንዳይባል እንደገና ይበላል። ሆዱን እያመመው! ልጁ ያን ቀን በዓል ላይ አልነበረም፣ ሁለት መንግሥታትን በማስታረቅ ሥራ ላይ ነበር። በልቶ ከመጣ በልቶ መጣ በቃ። እናቱ ምን እንደ ገዛችለት፣ ቤት ማን እንደ መጣ አትጠይቀው። ሰላምታ ካለህ ራስህ በስልክ በላት፤ ልጁ ፖስተኛ አይሁን።

ስለ ስጦታ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። የስምንት ወር ቀለብ ሳይከፍል አዲስ ስልክ ይዞ የሚመጣ አባት አለ። ስልኩ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም። ሐና ሳሙኤልን በሴሎ የተወችው በስእለት ነው እንጂ በፍቺ አይደለም፤ ነገር ግን እርሷም ልጇ ከእርሷ ተለይቶ ያድግ ነበር። ለዓመቱ መሥዋዕት በወጣች ቁጥር ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። መደረቢያ በልክ ይሠራል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንዳደገ በልቧ ስትለካ የከረመች እናት ናት። አንተስ የልጅህን የጫማ ቁጥር ታውቃለህ? የሚፈራውን ትምህርት፣ የቅርብ ጓደኛውን ስም?

ያው የዘኍልቍ ምዕራፍ የሚያስፈራ ቃልም አለው። ንጹሕ ሆኖ፣ ሩቅ መንገድም ሳይሄድ ፋሲካን የተወ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ እንዲጠፋ ተነግሯል። ቃሉ ስለ ተፋቱ አባቶች አልተነገረም፣ አውቃለሁ። ሆኖም በአንድ ታክሲ መንገድ ርቀት ላይ እየኖሩ፣ እናቲቱን ላለማየት ብለው ልጆቻቸውን ከበዓል እስከ በዓል የማያዩ አባቶች በየአጥቢያችን ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ መዘምራን ናቸው። ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ካልክ ሦስት ሰዓት ድረስ። ልብሱን ለብሶ በመስኮት የሚጠብቅ ልጅ እስከ አምስት ሰዓት ሲጠብቅ ስለ አንተ ብቻ አይደለም የሚማረው፤ አባት ሆይ ብሎ መጸለይም ይከብደዋል።

ለምዕመናን ደግሞ። በበዓል ሰሞን የተፋታውን ወንድም አይተን የምናደርገው ወይ ማንሾካሾክ ነው ወይ እንዳላየ ማለፍ። መበለቶችን በዓል ላይ እናስባለን፣ መልካም ነው፤ እርሱን ግን ማን ጠራው? ልጆቹን ለእናታቸው አስረክቦ ወደ ባዶ ቤቱ የሚገባው አመሻሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት እናንተ ቤት ገና ቡና አልተነሣም። ስልኩም እጃችሁ ላይ አለ፤ ደውሉለት፣ ልጆቹን ያገኘበት ቀን ከሆነም ከነልጆቹ ጥሩት።