ቀለምሽ የቱ ነው?



«የሚስማማሽን ቀለም በባለሙያ አስመርምሪ» የሚለው ምክር ዛሬ በየስልኩ ይታያል። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ይህንኑ ብቻ ሥራቸው ያደረጉ ቤቶች አሉ። ባለሙያዋ ደንበኛዋን በቀን ብርሃን ታስቀምጣለች፤ ኩሉንና ቅባቱን ታስጠርጋለች፤ ጸጉሯን በነጭ ጨርቅ ትሸፍናለች። ከዚያ ጨርቆችን በየተራ ከአገጯ ሥር እያደረገች የትኛው ፊቷን እንደሚያፈካ፣ የትኛው እንደሚያጠወልግ ትመለከታለች። በመጨረሻም «ጸደይ ነሽ» ወይም በጋ፣ መጸው፣ ክረምት ብላ የቀለም ዝርዝር ትሰጣታለች። ሒጃብ ለምትለብስ እህት ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባታል፤ ፊቷን ዙሪያውን የሚከበው ጨርቅ ነውና። ታዲያ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ይገባል ወይ?

ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ቢመረምር ጥፋቱ የነከሩ አልነበረም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ሁለት ቀለማት ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይናችን አንዱን በሌላው እንደሚለውጠው በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ፊትም ከጨርቅ አጠገብ ሲሆን እንዲሁ ነው። በወቅት ስም መመደቡን በሕዝብ ዘንድ ያስፋፋችው ግን አሜሪካዊቷ ካሮል ጃክሰን ናት፤ በ1980 ባወጣችው መጽሐፍ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በዚያ መጽሐፍ አሠራር አብዛኛው ጥቁር ሕዝብና እስያዊ በጅምላ «ክረምት» ውስጥ ይገባ ነበር። እኛ በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንባባል ነን። (የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የእኛ ዝናብና ጭቃ፤ ስሙ ራሱ በእኛ ልክ አልተሰፋም።) በኋላ የመጡት ምድቡን ወደ 12 ቢያበዙትም አንዷ «መጸው» ያለቻትን ሴት ሌላዋ «ክረምት» ልትላት ትችላለች። የእጅ ደም ሥር አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ የሚለው ፈተናም በጠቆረ ቆዳ ላይ አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ያፈካሻል» የሚለው ቃል ነው። መፍካት ማለት ፊት ያረፈ መስሎ መታየት እንጂ መቅላት አይደለም። «ይሄ ቀለም ያጠቁርሻል» የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ከጨርቁ አልፋ ወደ ማቅያ ቅባት ልትሄድ ትችላለች። ሜርኩሪ ያለባቸው እንዲህ ያሉ ቅባቶች ኩላሊት ይጎዳሉ። እናቶች በዚህ ቋንቋ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

ለመሆኑ ቤት ውስጥ መሞከር አይቻልምን? ይቻላል። ጠዋት ፊትሽን ታጠቢና መስኮት አጠገብ ቁሚ፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታሽ፣ የኤሌክትሪክ መብራትም ይጥፋ። የራስሽን፣ የእናትሽንና የእህትሽን ስካርፎች ሰብስቢ። ሁለት ሁለት እያደረግሽ አወዳድሪ፦ ንጹሕ ነጩን ከወተትማው፣ ግራጫውን ከቡናማው፣ ደማቁን ከፈዛዛው። ጨርቁን ሳይሆን የዓይንሽን ሥርና የአገጭሽን ጠርዝ ተመልከቺ፤ ጥላው ከበዛ ያንን አስቀምጪው። በስልክ ፎቶ አትመኚ፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። መስታወትና ይሉኝታ የማታውቅ ታናሽ እህት ይበቃሉ። ወንድሞችም ለሸሚዝ ቢሞክሩት ነውር የለበትም።

ሁለት ስካርፍ ላላት ተማሪ ለምርመራ መክፈል በእኔ እይታ ኢስራፍ ነው። ስካርፍ ለምትሸጥ፣ ልብስ ለምትሰፋ፣ ወይም ውድ የሠርግ ልብስ ልታሠራ ለተነሳች ግን ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ የተሳሳተ ግዢ ከምርመራው ሊበልጥ ይችላልና። ቁም ሳጥኗ ሞልቶ «የምለብሰው የለኝም» ለምትል እህትም እንዲሁ፣ ያላትን ለመለየት እንጂ ያላትን ጥላ አዲስ ለመግዛት ካልሆነ።

ለመክፈል ከወሰንሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፦ በቀን ብርሃን ነው የምትሠሪው? የእኔን ዓይነት መልክ ያላቸውን ሴቶች መርምረሻል? ጨርቅ ወይም መዋቢያስ ትሸጫለሽ? የመጨረሻው መልስ «አዎ» ከሆነ፣ የተሰጠሽን ዝርዝር ይዘሽ ከመደርደሪያዋ ጋር አስተያዪው።