ተከላ ያለ እንክብካቤ ደን አይሆንም

እንጦጦ በ1870ዎቹ መናገሻ ከሆነ ወዲህ ጥንታዊው የጽድ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመናመነ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ቢያቃልልም፣ ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማያበቅል አፈሩን ከጎርፍ ሊታደገው አልቻለም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር የእንጦጦን የተፈጥሮ ፓርክ በአገር በቀል ዛፎች ለማልማት የተነሣውም ይህንኑ ጉዳት ለመካስ ነው።

ይሁን እንጂ ተከላ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በክረምት የተተከለው ጽድ፣ ኮሶና ወይራ በበጋ ካልተኮተኮተ፣ ከከብትና ከእሳትም ካልተጠበቀ የበጎ ፈቃደኞች ላብ በከንቱ ይቀራል። ስለሆነም የየካ የሰፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ለችግኞቹ እንክብካቤ ተራ ገብተው ዓመቱን ሙሉ ሊሠሩ ይገባል እንላለን።

ይህ ሲባል ግን ቅጠልና ጭራሮ ከተራራው ተሸክመው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ሊዘነጉ አይገባም። ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኙ መከልከላቸው ፍትሕን ያጓድላል፤ ደኑንም አያድንም። ደኑ የሚጠበቀው ከእነርሱ ጋር እንጂ በእነርሱ ላይ በመነሣት አይደለም።