የካዚኖ «ስጦታ»፦ ሳሩና ገደሉ

በአሜሪካ ቁማር ቤቶች ብዙ ገንዘብ ለሚያስይዝ ደንበኛ አልጋው፣ ራቱ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ «በነፃ» ነው። ግብር ሰብሳቢው ግን ነፃ አይለውም፤ ገቢ ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ለአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት የአንድ የአትላንቲክ ሲቲ ቁማርተኛ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው በሦስት ዓመት ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ መኪናዎች፣ ጌጣጌጦችና የሽርሽር ጉዞዎች ከካዚኖው ተቀብሏል። ፍርድ ቤቱም ስጦታው በቁማሩ ምክንያት የተገኘ ስለሆነ በቁማር ኪሳራው ሊካካስ ይችላል ሲል ወሰነ። ትክክል ነበር። ሰውየው ባይቆምር ኖሮ ማን ይሰጠው ነበር?

በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራው 90 በመቶው ብቻ እንዲቀነስ አዟል። መተዳደሪያው ቁማር የሆነውንም አልማረም። 90,000 ዶላር አሸንፎ፣ የ10,000 ዶላር አልጋና ራት ተቀብሎ፣ 100,000 ዶላር የተበላ ሰው፣ ከኪሱ 10,000 ጎድሎበት ሳለ 10,000 ዶላር እንዳተረፈ ተቆጥሮ ግብር ይጠየቃል።

ለቁማር ጥብቅና አንቆምም። ይሁንና ግብር ከትርፍ እንጂ ከኪሳራ አይሰበሰብም። ቁማርን መቅጣት የፈለገ መንግሥት ቅጣቱን በስሙ ይጥራው። እስከዚያው ቁማርተኛው ሳሩን ሲያይ ገደሉንም ይመልከት።